ፋሾዳ፦ በነጭ ዓባይ ዳር የቀረ የጦር ሰፈር

(በአንድ የታሪክና የንባብ ወዳጆች ጉባኤ ላይ በቃል የቀረበ ንግግር፤ ከድምፅ ቅጂው ተገልብጦ ከጥቂት የቋንቋ እርማት በስተቀር እንዳለ የቀረበ።)

ክቡራትና ክቡራን፣ የተከበራችሁ የጉባኤው አዘጋጆች፣ መምህራንና ተማሪዎች፣ በተለይም ከኢሉባቦርና ከጋምቤላ ድረስ መንገዱን ሳትፈሩ የመጣችሁ ወገኖቼ፣ እንደምን አመሻችሁ? ይህን መድረክ ለሰጣችሁኝ ሁሉ ከልብ የመነጨ ምስጋናዬን አቀርባለሁ።

የዛሬው ርእሴ አንዲት ትንሽ ከተማ ናት። በደቡብ ሱዳን፣ በላይኛው ናይል ግዛት፣ በነጭ ዓባይ ምዕራባዊ ዳርቻ የተቆረቆረች ሲሆን ስሟ ኮዶክ ይባላል። የዓለም ታሪክ የሚያውቃት ግን ፋሾዳ በሚለው ስሟ ነው። በአንድ መቶ ዓመት ውስጥ ግብፆች፣ በሱዳን የተነሣው የሃይማኖት መሪ የማህዲ ተከታዮች፣ ፈረንሳዮችና እንግሊዞች በየተራ ወታደር አስፍረውባታል። ከእኛም አገር የተነሣ ጦር ደጃፏ ሊደርስ ጥቂት ነው የቀረው። ቀኖቹን እንዳናምታታ፣ በሌላ መልክ ካልተናገርሁ በቀር፣ ዓመታቱን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠራለሁ።

ለምን ፋሾዳን መረጥሁ? ተማሪ ሳለሁ የታሪክ መምህራችን በጥቁር ሰሌዳው ላይ የአፍሪካን ካርታ ሠርተው፣ ከካይሮ እስከ ኬፕ ታውን አንድ መስመር፣ ከዳካር እስከ ጅቡቲ ሌላ መስመር አሰመሩ። ሁለቱ መስመሮች በተሻገሩበት ቦታ ላይ ጠመኔውን ጫን አድርገው ነጥብ አኖሩና «እንግሊዝና ፈረንሳይ ሊዋጉ የነበረው እዚህ ነው» አሉን። ትምህርቱ በዚህ አበቃ። በዚያች ነጥብ ላይ ማን እንደሚኖር፣ ምን እንደሚዘራ፣ ወንዙ መቼ እንደሚሞላና መቼ እንደሚጎድል፣ ከጎሬ የተነሡት የእኛ ሰዎች እስከ የት እንደ ደረሱ የነገረን አልነበረም። መምህራችንን አልወቅሳቸውም፤ መጽሐፉ የያዘው ይህንኑ ነበር። እኔም መምህር ሆኜ ለብዙ ዓመታት ጋምቤላ ሳስተምር ነው ያች ነጥብ ከሰሌዳው ወርዳ አገርና ሕዝብ የሆነችልኝ።

ዛሬ የምሟገትበት ነገር አንድ ነው። የፋሾዳን ዕጣ የወሰነው ወንዙ ነው። ሰንደቅ የሰቀሉት ብዙዎች ናቸው፤ ውሃው በሚጎድልበትና በሚሞላበት ጊዜ ጀልባና ስንቅ አዘጋጅቶ የጠበቀው ግን ጸና። ይህን ለማስረዳት መጀመሪያ ስለ መሬቱና ስለ ባለቤቶቹ፣ ቀጥሎ 1898 ስለሚባለው ዓመት፣ በመጨረሻም ከዚያ ወዲህ ስለሆነው እናገራለሁ። የመሐለኛው ይረዝማል፤ በትዕግሥት ስሙኝ።

እንግዲህ ከመሬቱ እንጀምር። ካርቱም ላይ ቆማችሁ ነጭ ዓባይን ሽቅብ ተከተሉ። ወደ ደቡብ 650 ኪሎ ሜትር ያህል ስትርቁ ኮዶክን ታገኛላችሁ። ከዚያ አለፍ ስትሉ ማላካል አለች፤ ከማላካልም ጥቂት አለፍ ብሎ የሶባት ወንዝ ከምሥራቅ መጥቶ ከነጭ ዓባይ ጋር ይገናኛል። ከዚያ በላይ ሱድ የተባለው ታላቅ ረግረግ ነው። አገሩ እንደ ምጣድ የተዘረጋ ሜዳ ነው። ከማላካል እስከ ካርቱም ስምንት መቶ ኪሎ ሜትር የሚያህለውን የወንዝ መንገድ ውሃው ሲወርድ፣ የመነሻውና የመድረሻው የከፍታ ልዩነት አሥራ ጥቂት ሜትር ብቻ ነው። አፈሩ ጥቁር መረሬ ነው፤ በበጋ ይሰነጣጠቃል፣ በክረምት የሰውንም የከብትንም እግር ይይዛል። ድንጋይ የሚባል ነገር በአካባቢው የለም። ስለዚህ ሰው የሚሰፍረው በወንዙ ዳር በተዘረጋው ዝቅተኛ ጉብታ ላይ ነው፤ መንደሮቹም አንዱ ከሌላው ተከታትለው ውሃውን ይዘው ይሄዳሉ።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ያ በኮዶክ ፊት ለፊት የሚያልፈው ውሃ ከየት የመጣ ይመስላችኋል? ብዙ ሰው ከዩጋንዳ ሐይቆች ይላል። ልክ ነው፤ ነገር ግን ግማሹ ብቻ ነው። ከሐይቆቹ የሚመጣው ውሃ ሱድ ውስጥ ሲገባ ከግማሽ የሚበልጠው በፀሐይ ተኖ ይቀራል። ማላካል ላይ ከሚያልፈው የዓመቱ ውሃ ግማሽ ያህሉን የሚያመጣው ሶባት ነው። ሶባት ደግሞ ከባሮና ከፒቦር የሚሠራ ወንዝ ነው፤ ባሮም ብርብርና ገባ ከኢሉባቦርና ከወለጋ ከፍታዎች ወርደው ሲገናኙ የሚጠራበት ስም ነው። የጎሬ ዝናብ ኮዶክ ይደርሳል ብል ማጋነን አይደለም።

በነሐሴ ወር፣ ባሮ ቡናማ ሆኖ ግንድና ቅጠል እያንከባለለ በሚሞላበት ጊዜ፣ ተማሪዎቼን ወደ ጋምቤላው ድልድይ የመውሰድ ልማድ ነበረኝ። «ይህ ውሃ ወዴት ይሄዳል?» ብዬ እጠይቃለሁ። «ወደ ሱዳን» ይሉኛል። አንድ ዓመት ግን ከጦርነት ሸሽቶ ከቤተሰቡ ጋር የመጣ የሺሉክ ልጅ በክፍሌ ውስጥ ነበረ። ከኋላ ቆሞ ቀስ ብሎ «ወደ ቤታችን ነው የሚሄደው፣ መምህር» አለ። የኮዶክ ልጅ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ትምህርት ሲያበቃ ስለ አገሩ እየነገረኝ አብረን ወደ ቤት እንሄድ ነበር። ያስተማረኝም የመጀመሪያው ነገር፣ መጽሐፍ ሁሉ ፋሾዳ የሚለው የጦር ሰፈርና እውነተኛው ፋሾዳ ሁለት የተለያዩ ቦታዎች መሆናቸውን ነው። እውነተኛው ፋሾዳ ከከተማው ወጣ ብሎ የሚገኝ የንጉሥ መንደር ነው። «ኮዶክ የመንግሥት ናት፤ ፋሾዳ ግን የንጉሡ ነው» ይለኝ ነበር።

ሺሉኮች ራሳቸውን ቾሎ ብለው ይጠራሉ። ከቶንጋ እስከ ካካ ድረስ የነጭ ዓባይን ምዕራብ ዳርቻ ይዘው የኖሩ፣ ማሽላ የሚዘሩ፣ ከብት የሚያረቡ፣ ዓሣ የሚያጠምዱ ሕዝብ ናቸው። ንጉሣቸው ሬት ይባላል፤ የመንግሥታቸው መሥራችም ኒያካንግ ነው። በሉዎ ሕዝቦች አፈ ታሪክ የእኛዎቹ አኙዋዎች አባት ጊሎና ኒያካንግ ወንድማማቾች ናቸው፤ ስለዚህ ዘመዶቻቸው በጋምቤላ በእኛ መካከል አሉ። ፋሾዳ የንግሥና መቀመጫ የሆነው በአሥራ ሰባተኛው ምእት ዓመት መጨረሻ ገደማ በሬት ቱጎ ዘመን ነው ይባላል። እስከ ዛሬም ሬት የሚነግሠው እዚያው ነው።

ሥርዓቱን በጥቂቱ ልንገራችሁ፤ ሳልናገረው ማለፍ አልችልምና። ሬት ሲሞት፣ በሰሜን በአኩርዋ የሚጠበቀው የኒያካንግ ምስል ወጥቶ መንደር ለመንደር እየታጀበ ወደ ደቡብ ይጓዛል። የሰሜኑ ሕዝብ ከኒያካንግ ጋር፣ የደቡቡ ሕዝብ ከዕጩው ንጉሥ ጋር ይሰለፋል። ከፋሾዳ አጠገብ ባለች አሬፔጁር በምትባል ጅረት ላይ ሁለቱ ወገኖች በማሽላ አገዳ ይፋለማሉ። ኒያካንግ ያሸንፋል፤ ዕጩውም ተማርኮ ወደ ፋሾዳ ይወሰዳል። እዚያ መጀመሪያ በዙፋኑ ላይ የሚቀመጠው የኒያካንግ ምስል ነው፤ እርሱ ሲነሣ ዕጩው ይቀመጣል፤ ያን ጊዜ የመሥራቹ መንፈስ በአዲሱ ንጉሥ ላይ አደረ ይባላል። አስተውሉ፤ የሰሜንና የደቡብ ግማሾች ተፋልመው አንድ ንጉሥ የሚያወጡበት፣ ጠላትነትን በአገዳ የሚጨርሱበት ሥርዓት ነው። አውሮፓውያኑ ባዶ ረግረግ ብለው በካርታቸው ላይ የጻፉት አገር ይህን ያህል የጠለቀ ሥርዓተ መንግሥት ነበረው።

በዚህ አገር ላይ የመጀመሪያውን የጦር ሰፈር የሠሩት ግብፅን ይገዙ የነበሩት የቱርክ ሹማምንት ናቸው፤ ዓመቱ 1855 ነበር። ሺሉኮች ከዚያ በፊት በታንኳ ወደ ሰሜን እየወረዱ ነጭ ዓባይን ለረጅም ዘመን የተቆጣጠሩ ሕዝብ በመሆናቸው፣ ወንዙን ለመያዝ እነርሱን መያዝ ግድ ነበር። ሰፈሩ የባሪያ ንግድን ለመከልከል ነው ተባለ፤ ግብርና ዘረፋም አብረውት መጡ። ከካይሮና ከካርቱም ሰው የሚጋዝበት የግዞት ቦታም ሆነ። በዲሴምበር 1881 የፋሾዳው ገዥ ረሺድ ቤይ፣ በጀበል ጋዲር የመሸገውን መሐመድ አህመድን፣ ማለትም ማህዲን፣ ልያዝ ብሎ ከዚህ ሰፈር ዘመተ፤ እርሱም ጦሩም ተደመሰሱ። ከጥቂት ዓመት በኋላ አገሩ በሙሉ ከግብፅ እጅ ወጣ፤ ምሽጉም ፈራርሶ ቀረ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። የፈረሰ የጭቃ ምሽግ ለምን በፓሪስና በለንደን እንቅልፍ ነሣ?

በ1893 ቪክቶር ፕሮምፕ የተባለ ፈረንሳዊ የውሃ መሐንዲስ ካይሮ ላይ ንግግር አደረገ። ነጭ ዓባይ ከሶባት ጋር በሚገናኝበት አካባቢ ቢገደብ፣ ግድቡን የያዘው ወገን ግብፅን በውሃ ጥምም በጎርፍም ሊያስጨንቅ ይችላል አለ። ሐሳቡ እስከ ፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ካርኖ ደረሰ፤ እርሳቸውም በሙያቸው መሐንዲስ ስለነበሩ ልባቸው ተሳበ። እንግሊዝ ግብፅን ይዛለች፤ ፈረንሳይ ደግሞ የላይኛውን ውሃ ከያዘች እንግሊዝን ታስለቅቃለች የሚል ተስፋ ተወለደ። እስቲ ቀደም ብዬ ስለ መሬቱ የተናገርሁትን አስታውሱ። ድንጋይ የለም። አፈሩ የሚሰነጠቅ መረሬ ነው። ቁልቁለት የለም። በዚያ ሜዳ ላይ ውሃ ቢያግዱት ወደ ላይ አይቆለልም፤ በየአቅጣጫው ይፈስሳል። ቦታውን ረግጦ ያየ አንድ የሺሉክ ዓሣ አጥማጅ ይህን በአንድ ቃል ይነግራቸው ነበር። ሁለት ታላላቅ መንግሥታት ወደ ጦርነት አፋፍ የሄዱበት እቅድ፣ በመሬቱ ላይ ሊሠራ የማይችል እቅድ ነበር!

የሆነው ሆኖ ሻምበል ዣን ባቲስት ማርሻን በ1896 ከፈረንሳይ ተነሣ። ደርዘን የማይሞላ ያህል የፈረንሳይ መኮንኖችና 120 ያህል የምዕራብ አፍሪካ ወታደሮች ነበሩት። ከአትላንቲክ ጠረፍ ተነሥቶ በኮንጎ፣ በኡባንጊና በምቦሙ ወንዞች ሽቅብ ወጣ። ፌዴርብ የምትባል ትንሽ የእንፋሎት መርከብ ነበረችው። የኮንጎ ውሃ አልቆ የናይል ውሃ እስኪጀምር ድረስ ያለውን ደረቅ ምድር ያሻገራት፣ ፈታትቶ በሰው ትከሻ አሸክሞ ነው። ማሞቂያ ጋኗ ለትከሻ ስለከበደ፣ በጫካው ውስጥ መንገድ ተመንጥሮ፣ ግንድ በሥሩ እየተደረደረ፣ እየተገፋ ተንከባለለ። ስለ ማርሻን ጀግንነት ብዙ ተጽፏል፤ ያን ጋን ስለገፉት፣ በግዳጅ ተይዘው ሸክም ስለተሸከሙትና በመንገድ ስለቀሩት አፍሪካውያን የተጻፈው ግን ጥቂት ነው። ስማቸውን አናውቅም፤ ሥራቸውን ግን ሳንጠራ አንለፍ።

ወንዙ ማርሻንንም ዳኘው። ባህር ኤል ጋዛል ሲደርስ የሱዌ ወንዝ ጎድሎ ጠበቀው፤ መርከቧ መንቀሳቀስ አልቻለችም። ዝናብ እስኪዘንብ ድረስ ወራት ቁጭ አሉ። በጁን 1898 መርከቧን ወደ ኋላ ትተው በጀልባ ሱድን ሰንጥቀው አለፉ፤ ሰው በማይቆምበት የቄጠማ ደለል ውስጥ ጀልባ እየጎተቱ፣ በትንኝ እየተበሉ። ጁላይ 10 ቀን 1898 ፋሾዳ ገቡ። የግብፆችን ፍርስራሽ ጠጋገኑ፤ ሰንደቅ ሰቀሉ፤ ሰፈሩንም ቅዱስ ሉዊ ብለው ሰየሙ። አትክልትም ተከሉ። ኦገስት 25 ቀን፣ ማህዲን ተክቶ ሱዳንን ይገዛ የነበረው የኸሊፋው መርከቦች መጥተው ተኩስ ከፈቱባቸው፤ መክተው መለሷቸው። ፌዴርብ የደረሰችላቸው ከውጊያው በኋላ፣ ውሃው ሞልቶ መንገድ ሲሰጣት ነው።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ማርሻን ብቻውን እንዲቆም አልነበረም የታሰበው። ከምሥራቅ፣ ከኢትዮጵያ በኩል፣ ሌላ ጓድ መጥቶ ሊያገኘው ይገባ ነበር። አጼ ምኒልክ በ1891 ለአውሮፓ ነገሥታት በላኩት ደብዳቤ የግዛታቸውን ወሰን እስከ ነጭ ዓባይ ቀኝ ዳርቻ አድርሰው አስታውቀው ነበር። በ1897 መጋቢት ወር ከፈረንሳይ ጋር ስለ ነጭ ዓባይ ተስማሙ፤ በዚያው ዓመት ግንቦት ከእንግሊዝ ጋር ለማህዲስቶች የጦር መሣሪያ በአገራቸው እንዳያልፍ ተዋዋሉ፤ ከኸሊፋውም ጋር መላላካቸውን አልተዉም። አንዳንዶች ይህን መዋለል ይሉታል። እኔ ግን ከዓድዋ በኋላ ሦስት ኃይሎች በደጃፉ የቆሙበት መሪ ሊያደርገው የሚገባ ጥንቃቄ ነው እላለሁ፤ ከማንኛቸውም ጋር ሳይጋጭ አገሩን ጠብቋልና።

ቦንሻን የተባለው ፈረንሳዊ በ1897 መጨረሻ ከጎሬ ወርዶ ሞከረ። ጀልባ አልነበረውም፤ ረግረጉን መሻገር አቅቶት ተመለሰ። ከዚያ የጎሬው ገዥ ደጃዝማች ተሰማ ናደው ብዙ ሺህ ሠራዊት ይዘው ወረዱ። አርታሞኖቭ የተባለ የሩሲያ ኮሎኔልና ሁለት ፈረንሳውያንም አብረው ነበሩ። ጁን 22 ቀን 1898፣ በእኛ አቆጣጠር በሰኔ 1890 ዓ.ም.፣ የሠራዊቱ ፊተኛ ክፍል ሶባት ከነጭ ዓባይ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ደረሰ። የኢትዮጵያ ሰንደቅ ዓላማ በቀኙ ዳርቻ ተተከለ። የፈረንሳይ ባንዲራ በማዶው በኩል እንዲተከል ተፈለገ፤ አዞ ወዳለበት ውሃ ዘለው ገብተው ያደረሱትም ሩሲያዊው ኮሎኔልና ኮሳክ የሚባሉት የሩሲያ ወታደሮቹ ናቸው። ማርሻንን ቢጠይቁ፣ ቢፈልጉ፣ የለም። ገና ሱድ ውስጥ ነበር። ፋሾዳ የገባው ከ18 ቀን በኋላ ነው፤ የቦታው ርቀትም መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ነበር።

ለምን አልጠበቁትም? መልሱን ከመጽሐፍ በፊት የሰማሁት ከሽማግሌ አፍ ነው። በልጅነቴ ጎሬ ሳለሁ፣ በእሑድ ከሰዓት በኋላ በደጃችን ከሚቀመጡት አዛውንት አንዱ፣ አባታቸው ከደጃዝማቹ ጋር ወርደው እንደነበር ያጫውቱን ነበር። «ጠላት አልገደለንም ይሉ ነበር አባቴ፤ ንዳዱ ነው የፈጀን። ጠዋት ከአንተ ጋር ጥሬ የቆረጠመ ሰው ማታ አይነሣም። በቅሎው ይሞታል፣ መሬቱ ይይዝሃል፣ ዝናቡ ከላይ ነው» እያሉ። ደጋ የለመደ ሠራዊት፣ በሰኔ ዝናብ፣ ወባ ባለበት ረግረግ፣ ያለ ጀልባና ያለ ስንቅ ምን ያህል ቀን ይቆማል? ደጃዝማች ተሰማ የቀረውን ሰው ይዘው ወደ ደጋ መመለሳቸው የመሪ ውሳኔ ነው፤ ሠራዊታቸውን አድነዋል። ኋላም ራስ ቢትወደድ ሆነው የልጅ ኢያሱ እንደራሴ እስከ መሆን የደረሱት እኒሁ ሰው ናቸው።

እንግሊዞችስ? የግብፅን ጦር ያዝ የነበረው እንግሊዛዊው ጄኔራል ኪችነር ሴፕቴምበር 2 ቀን ኦምዱርማን ላይ የኸሊፋውን ጦር ድል አድርጎ ካርቱምን ያዘ። ከፋሾዳ ተመትታ ከተመለሰች መርከብ በላይኛው ወንዝ ነጮች መኖራቸውን ሰማ። 1,500 ያህል ወታደር በአምስት መርከብ ጭኖ ሽቅብ ወጣ። ወሩ መስከረም ነው፤ ወንዙ ሙሉ ነው። ማርሻን በሁለት ዓመት የደረሰበትን ቦታ ኪችነር ከካርቱም ተነሥቶ በጥቂት ቀናት ደረሰበት። ሴፕቴምበር 19 ቀን ሁለቱ በመርከብ ላይ ተገናኙ። ኪችነር ፈረንሳይኛ ይናገር ነበር፤ የለበሰውም የግብፅን ጦር ልብስ ነው፤ የእንግሊዝን ባንዲራም አላነሣም፣ የግብፅን እንጂ። ማርሻን ሰንደቄን አላወርድም፣ ብሞት እመርጣለሁ አለ። ኪችነርም አላስገደደውም፤ ከፈረንሳዮቹ በስተ ደቡብ የግብፅን ባንዲራ ተክሎ፣ በሻለቃ ጃክሰን የሚመራ የሱዳን ሻለቃ ጦር አስቀምጦ ተመለሰ። ሁለት ሰፈር፣ ሁለት ሰንደቅ፣ በአንድ ጭቃ ላይ!

ፈረንሳዮቹ ከዓለም ተለይተው ነበርና፣ እንግሊዞች የፈረንሳይ ጋዜጦችን ትተውላቸው ሄዱ። መኮንኖቹ ጋዜጣውን ሲከፍቱ አገራቸው በድሬፉስ ጉዳይ፣ ማለትም በሐሰት በክህደት በተፈረደበት አይሁዳዊ መኮንን ምክንያት፣ ለሁለት ተከፍላ ስትተራመስ አነበቡ፤ አለቀሱም። ማን ይደርስላቸዋል? በአውሮፓ የጦር መርከቦች ተዘጋጁ፤ የእንግሊዙ ጠቅላይ ሚኒስትር ሳሊስቤሪ ማርሻን ካልወጣ ድርድር የለም አለ። የፈረንሳዩ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ዴልካሴ በኖቬምበር መጀመሪያ እጅ ሰጠ። ዲሴምበር 11 ቀን ማርሻን ፋሾዳን ለቀቀ። በእንግሊዞች መርከብ በካይሮ በኩል መውጣትን ስላልፈለገ፣ በሶባትና በባሮ ሽቅብ ወደ ኢትዮጵያ መጣ። በጋ ስለነበር ውሃው ጎደለ፤ ፌዴርብ ባሮ ላይ ቀረች። ሰዎቹ በእግር ወደ ጎሬ ወጡ፤ አዲስ አበባ በክብር ተቀበለቻቸው፤ በሐረር አድርገውም በሜይ 1899 ጅቡቲ ገቡ። ሁለቱ መንግሥታት በማርች 1899 የናይልንና የኮንጎን ተፋሰስ ወሰን አድርገው ተካፈሉ።

ሺሉኮችን የጠየቃቸው አለ? የዘመኑ ሬት ኩር ከማርሻን ጋር ውል ተፈራርሟል ተባለ፤ ኪችነር ሲመጣ እንዲህ ያለ ውል አልገባሁም አለ። ሁለት ጠመንጃ በሁለት ወገን ለተደገነበት ንጉሥ ከዚህ የተሻለ መልስ አይታየኝም። ይህም አላዳነውም፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ እንግሊዞች ከዙፋኑ አወረዱት።

ከዚያ ወዲህ ያለውን አሳጥሬ ልናገር። በ1904 እንግሊዝና ፈረንሳይ ሲታረቁ፣ የፈረንሳይን ቁስል ላለመነካካት ሲባል የሰፈሩ ስም ከካርታ ላይ ተነሥቶ ኮዶክ ተባለ። የንጉሡ መንደር ግን ስሙን እንደ ያዘ ቀጠለ። ሰፈሩ ለጊዜው የአውራጃ ገዥ መቀመጫ ሆነ፤ ቆይቶ አስተዳደሩ ወደ ማላካል ሲዛወር ኮዶክ ወደ ኋላ ቀረች። ባለሥልጣን ሲሄድ ነጋዴ ይሄዳል፤ ነጋዴ ሲሄድ መርከብ መቆሙን ይተዋል።

የመርከቡ ነገር ግን ወደ እኛ ይመልሰናል። በሜይ 15 ቀን 1902 አጼ ምኒልክና የእንግሊዙ ሃሪንግተን በተፈራረሙት ውል ድንበሩ ተሰመረ። በዚያው ውል ሦስተኛ አንቀጽ፣ ንጉሠ ነገሥቱ የጥቁር ዓባይን፣ የጣናንና የሶባትን ውሃ የሚያግድ ሥራ ከእንግሊዝና ከሱዳን መንግሥት ጋር ሳይስማሙ እንዳይሠሩ ተጻፈ። የፕሮምፕ ንግግር ያስነሣው ፍርሃት እስከ እኛ ውል ድረስ መጥቶ መቀመጡን ልብ በሉ። አራተኛው አንቀጽ ደግሞ በባሮ ዳር ከ2,000 ሜትር የማይበልጥ የወንዝ ፊት ያለው፣ ከ400 ሄክታር የማይበልጥ የንግድ ቦታ ለሱዳን ፈቀደ፤ ለጦር ሥራ ግን እንዳይውል ተከለከለ። ጋምቤላ ከዚህ ተወለደች። ክረምት ሲገባና ባሮ ሲሞላ መርከብ ከካርቱም ተነሥታ በኮዶክና በማላካል አልፋ ትመጣለች፤ የጎሬንና የወለጋን ቡና ትጭናለች፤ ጨውና ጨርቅ ታራግፋለች። ጥቅምት ሲያልፍ ውሃው ይጎድላል፤ መርከቧም ሳይዛት ትሸሻለች። ይህ ንግድ፣ ጣሊያን በወረረን ጊዜ ከተቋረጠው በስተቀር፣ ሱዳን በ1956 ነጻ እስክትወጣ ቀጠለ። ጎሬ ያደግን ሁሉ የቡና ነጋዴዎች መርከቧ ስንት ቀን እንደ ቀራት እያሰሉ በቅሎ ሲያስጭኑ ከወላጆቻችን ሰምተናል።

ኮዶክስ ዛሬ እንዴት ናት? ደቡብ ሱዳን ጁላይ 9 ቀን 2011 ነጻ ወጣች፤ በዲሴምበር 2013 የእርስ በርስ ጦርነት ተነሣ። የሺሉክ አገር ከእጅ ወደ እጅ ተገለባበጠ። በኤፕሪል 2017 የመንግሥት ጦር ኮዶክን ሲይዝ ሕዝቡ ወደ አቡሮክ ሸሸ፤ በበጋ ሙቀት፣ የሚጠጣ ውሃ በማይገኝበት ሜዳ ላይ ብዙ ሺህ ሰው ሰፈረ። ውሃ ጠጥቶ ያደገ የወንዝ ዳር ሕዝብ ከወንዙ ተባርሮ በውሃ ጥም ተሠቃየ። በ2022 መጨረሻም ታጣቂዎች በፋሾዳ አካባቢ መንደሮችን አቃጥለው ሰዎች ዳግመኛ ተሰደዱ። ሱዳን ውስጥ በኤፕሪል 2023 ጦርነት ሲነሣ ደግሞ፣ ወደ ካርቱም ሸሽተው የነበሩ ደቡብ ሱዳናውያን ከሬንክ ወደብ በጀልባ እየተጫኑ፣ በዚሁ ወንዝ ሽቅብ፣ በኮዶክ ፊት ለፊት እያለፉ ወደ ማላካል ተመለሱ። ሬት ክዎንጎ ዳክ ፓዲየት በ1993 በፋሾዳ የነገሡ ናቸው፤ ያ ሁሉ ጦር ሲፈራረቅ ንግሥናው አልጠፋም።

ወገኖቼ፣ አንድ ልመና አለኝ። በዚህ አዳራሽ ውስጥ አያቶቻቸው ከደጃዝማች ተሰማ ጋር የወረዱ፣ ወላጆቻቸው በጋምቤላ መርከብ ቡና የላኩ ሰዎች እንዳሉ አውቃለሁ። በሣጥን ሥር የቀረ የጭነት ደረሰኝ፣ ደብዳቤ፣ የመርከቧ ፎቶግራፍ ያላችሁ እባካችሁ አትጣሉት፤ ፎቶ አንሥታችሁ ለጉባኤው አዘጋጆች ስጡልን። በጋምቤላ የምትኖሩ ደግሞ፣ በአጠገባችሁ ያሉትን የሺሉክ ስደተኛ አዛውንት ስለ አገራቸው ጠይቋቸው፣ ድምፃቸውንም ቅዱልን። የፈረንሳዮቹና የእንግሊዞቹ ሰነድ በየመዝገብ ቤቱ ተጠብቆ አለ፤ የእኛና የእነርሱ ግን በሰው ጉያ ነው ያለው፤ አዛውንቱም እያለፉ ነው።

ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ። ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አንሡ፤ ከኋላ ካሉት ወጣቶች እንጀምር።